መጽሐፉ ስልኩ ውስጥ ነው፤ ስልኩ በር ላይ ቀርቷል

ጠዋት ለሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ትምህርት ቤታችን በር ላይ ሰልፍ ይሠራል። በአንድ በኩል ጥበቃው፣ በሌላ በኩል ተረኛው መምህር። ቦርሳ ይከፈታል። ኪስ ይዳበሳል። የተጠረጠረ ካልሲውን ዝቅ ያደርጋል። አንድ ቀን ለሁለት ከተሰነጠቀ ዳቦ መሃል ስልክ አገኘሁ፤ ሚጥሚጣ ሳይቀር ነክቶት ነበር። ልጁን ልቆጣ ብዬ ሳቄ አመለጠኝ።

ያኔ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ነበርኩ። የተያዘ ስልክ ርዕሰ መምህሩ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ባለቤቱ “ወላጅ አምጣ” ይባላል። መሳቢያው ቀኑን ሙሉ ሲንጫጫ ይውላል። አንዱ አላርም ነው። አንዱ “ልጄ የት ገባህ” የምትል እናት ናት።

ከፍተሻው ቀጥሎ ክፍል እገባለሁ። ስልሳ አራት ተማሪ፣ በእጁ መጽሐፍ ያለው ግን የለም። ጊዜው 2015 ዓ.ም. ነው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ዘጠነኛ ክፍል ገብቷል፤ የታተመው መጽሐፍ ግን እኛ ጋ ገና አልደረሰም። የደረሰው ሶፍት ኮፒው ነው፤ ያውም በቴሌግራም። እኔም እንደ ባልደረቦቼ “ምዕራፍ ሁለትን ግሩፑ ላይ ለቅቄላችኋለሁ፣ አንብባችሁ ኑ” እላለሁ። ይህን የምላቸው ከግማሽ ሰዓት በፊት ስልካቸውን ስቀማ የነበሩትን ልጆች ነው።

አንድ ተማሪ እጁን አወጣ። “ቲቸር፣ ጥያቄዎቹ የትኛው ገጽ ላይ ናቸው?” አለኝ። ገጹን ለማየት የራሴን ስልክ ከኪሴ አወጣሁ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ።

ስለዚህ ሐሳቤን ልንገራችሁ። ከዘጠነኛ ክፍል ወዲያ፣ አስተማሪው ለሚፈልገው ሥራ፣ ለተወሰኑ ደቂቃዎች፣ የተማሪ ስልክ ዴስክ ላይ ይውጣ። ለያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ አላልኩም። ለአንድ ቡድን አንድ ይበቃል። አስተማሪው “አውጡ” ሲል ይወጣል፤ “አስገቡ” ሲል ይገባል። ከዚህ ውጭ ባለው ሰዓት ክልከላው እንዳለ ይቀጥል፤ በእረፍት ሰዓት ስልክ ላይ የተደፋ ተማሪ ማየት እኔም አልፈልግም።

“ቲክቶክስ?” የሚለኝ አለ። ልክ ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. ፒዛ በተባለው ዓለም አቀፍ የተማሪዎች ምዘና ላይ፣ በኦኢሲዲ አገሮች (አብዛኞቹ ባለጸጋ ናቸው) ካሉ ተማሪዎች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ቢያንስ በአንዳንድ የሒሳብ ክፍለ ጊዜዎች ስልክና ሌላ ዲጂታል መሣሪያ ሐሳባቸውን እንደሚበትነው ተናግረዋል። ፈረንሳይ በ2018 እ.ኤ.አ. ከለከለች። ኔዘርላንድስ ከ2024 መባቻ ጀምሮ ከክፍል አስወጣች። ብራዚል በጥር 2025 ሕግ አወጣች። ስልክ ይከልከል የሚሉ ባልደረቦቼ እነዚህን አገሮች በቃላቸው ይዘዋቸዋል።

የሚዘሉት ግን አንድ ነገር አለ። የፈረንሳይም የብራዚልም ሕግ ለመማር ማስተማር ሥራ በር ትቷል። መምህሩ ለትምህርት ካዘዘ ስልኩ ይወጣል። የተከለከለው ልጁ በራሱ ሰዓት፣ በራሱ ፈቃድ የሚያወጣው ስልክ ነው። ክልከላው እኛ ጋ ሲነገር ግን ይህቺ በር ትረሳለች።

ደግሞ እንደ ፈረንሳይ ባለ አገር ስልኩ ሲወሰድ ለልጁ ብዙ ነገር ይተርፈዋል። የታተመ መጽሐፍ አለው፣ ላብራቶሪ አለው፣ የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር አለ። እኔ ክፍል ውስጥ የሚተርፈው ሰሌዳና ጠመኔ ነው። ስለዚህ አንድ ዓይነት ክልከላ አይደለም፤ ቃሉ ብቻ ነው የሚመሳሰለው።

እውነቱን እንነጋገር ካልን፣ ትምህርት ቤቶቻችን ስልክ የሚፈሩት በቲክቶክ ብቻ አይደለም። አንዱ ፍርሃት በ2008 ዓ.ም. የመጣው ነው። ያን ዓመት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ተሰርቆ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ተለቀቀ፣ ፈተናው ተቋርጦ እንደገና ተሰጠ። ከዚያ ወዲህ ፈተናና ስልክ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲጠሩ ሁሉም ሰው ይሸማቀቃል። በፈተና ሰሞን ኢንተርኔት ሲዘጋም አይተናል። ከ2014 ዓ.ም. ፈተና ጀምሮ ደግሞ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተው፣ ስልክ ሳይዙ መፈተን ጀመሩ። ለፈተና ይህ ትክክል ነው፣ ክርክር የለኝም። ግን ፈተና የዓመቱ ጥቂት ቀን ነው። ቀሪውን ዓመት ሁሉ እንደ ፈተና ቀን መኖር አለብን እንዴ?

ሁለተኛው ፍርሃት ብዙም አይነገርም፤ ሌብነት ነው። ስልክ ክፍል ውስጥ ከጠፋ ጣጣው ለትምህርት ቤቱ ነው። ወላጅ ይመጣል፣ ጭቅጭቅ ይነሳል፣ ፖሊስ ጣቢያ ድረስ የሚሄድም አለ። ርዕሰ መምህር በዚህ ሲፈራ አልፈርድበትም። ሦስተኛው እኛን መምህራንን የሚመለከት ነው። ተቀርጸን ነገ በየስልኩ መዞር አንፈልግም። እኔ ሰሌዳ ላይ ስሕተት ጽፌ ሳጠፋ የሚያሳይ አሥራ አምስት ሰከንድ ቪዲዮ ነበረ። ሙዚቃ ገብቶለታል። ዛሬም ሳስታውሰው ጆሮዬ ይግላል።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ አንድ ሐሙስ ሞከርኩት።

ትምህርቱ ፔንዱለም ነው፤ በገመድ ተንጠልጥሎ የሚወዛወዝ ክብደት። ላብራቶሪያችን ውስጥ የነበረችው አንዲት ስቶፕዎች፣ ሰከንድ የምትለካው ሰዓት፣ ከቆመች ቆይታለች። ዩኒት ሊደሯን ለመንኳት። “አንድ ፔሬድ ብቻ። ከጠፋ ከደሞዝህ ነው” አለችኝ። ተስማማሁ። ልጆቹን በአሥራ ሦስት ቡድን ከፈልኳቸው፤ በየቡድኑ አንድ ስልክ፣ አንድ ሜትር ሲባጎና ቁልፍ። ቁልፍ ስል የቁምሳጥን ጓጉንቸር ማለቴ ነው፤ ከሲባጎው ጫፍ የሚንጠለጠል ክብደት ያስፈልጋል። ሕጉ ሁለት ነው። ስልኩ ፍላይት ሞድ ላይ ይሁን፣ ስክሪኑም ወደ ላይ ሆኖ ሁሉም እንዲያየው ዴስኩ መሃል ይቀመጥ።

ሥራው ቀላል ነው። ጓጉንቸሩን ትንሽ ወደ ጎን ስቦ መልቀቅ። ሃያ ጊዜ ሄዶ ሲመለስ ስንት ሰከንድ እንደፈጀ መለካት። አንድ ሜትር ሲባጎ ከሆነ አንዱ ዙር ሁለት ሰከንድ ያህል ነው፤ ሃያው ወደ አርባ ሰከንድ ይመጣል። ከዚያ ቀመሩ ውስጥ አስገብቶ የመሬትን ስበት ማስላት። መጽሐፉ 9.8 ይላል።

አንዱ ቡድን 10.8 አመጣ። “ስልኩ ይሳሳታል” አሉ። ስልኩ አልተሳሳተም። ጓጉንቸሩን ሲለቁት ነው “አንድ” ብለው መቁጠር የጀመሩት፤ ሃያ ሲሉ ገና አሥራ ዘጠኝ ነበር። ይህን እኔ ብነግራቸው ኖሮ ደብተር ላይ ጽፈው ይረሱት ነበር። ራሳቸው እየተጨቃጨቁ ደረሱበት። መቁጠር ከዜሮ እንደሚጀመር በዚያ ክፍል የሚረሳ ያለ አይመስለኝም።

ከሁሉም የተሻለውን ውጤት፣ 9.77፣ ያመጣው የኋላ ዴስክ ነው። የተጠቀሙት ተች እንኳ አልነበረም። የአንዷ ልጅ አያት የሚይዙት ባለ ቁልፍ ስልክ ነው፤ ጎማው ተልጦ ቁጥሩ አይታይም። ስቶፕዎች ግን አለው። ልጅቷ ስልኩን ስታወጣ አፍራ በእጇ ሸፍናው ነበር። ውጤቱ ሰሌዳ ላይ ሲወጣ ከፍ አድርጋ አሳየች።

“የራስህን ስልክ ይዘህ ና” የሚለውን ሐሳብ እንዳለ ከውጭ መቅዳት የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ያ አካሄድ ሁሉም ልጅ የራሱ ስልክ አለው ብሎ ይነሳል። የኛ ክፍል ሌላ ነው። የአንዱ ልጅ ስልክ ውድ ነው፣ የአንዱ ስክሪን እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጥቋል፣ የሦስቱ ደግሞ የለም። ለያንዳንዱ ካልን ምስኪኑ ልጅ ወላጁን ያስጨንቃል፤ ወይም ዝም ብሎ ይሸማቀቃል። ለቡድን አንድ ሲሆን ግን ስልኩ የዴስኩ ንብረት ይመስላል። “አንድ ለአምስት ልታመጣብን ነው?” ብሎ የቀለደብኝ ባልደረባ አለ። የዚያ ዘመን አደረጃጀት እኔንም አስመርሮኛል። ግን አምስት ልጅ አንድ ስክሪን ላይ ሲያፈጥ ዓይን ስለሚበዛ ከትምህርቱ ወጥቶ ሌላ ነገር መክፈት ይከብዳል። ይህን ያየሁት በዓይኔ ነው።

ዳታስ? አያስፈልግም። ልጆቹ ፒዲኤፉን በዜንደር ከስልክ ወደ ስልክ ሲያዘዋውሩ ከኔ በላይ ናቸው። አንዱ ቤቱ ያወርዳል፣ ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ሁሉ አለው። መዝገበ ቃላትም ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ሞልቷል። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ታዲያ እዚህም ላይ ጉድ አለ። “ስፒድ” ብለው ሲፈልጉ “ፍጥነት” ይላል። “ቬሎሲቲ” ብለው ሲፈልጉም “ፍጥነት”። ልጆቹ ግራ ገባቸው። ቬሎሲቲ አቅጣጫ እንዳለው፣ ስፒድ እንደሌለው ለማስረዳት በሩ ድረስ ሄጄ ወደ ኋላ መራመድ ነበረብኝ። መዝገበ ቃላቱ ያላሳየውን ልዩነት ያዩት ያኔ ነው።

ስልኩ በመምህሩ ትዕዛዝ ይውጣ የምለው በመምህርነቴ ለራሴ ወግኜ አይደለም፤ ፕላዝማ ያስተማረኝ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሁለተኛ ደረጃ የገባን ሁሉ እናስታውሰዋለን። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት ይመጣል። እንግሊዝኛው ይሮጣል። ቴሌቪዥኑ ጥያቄ ይጠይቅና ትንሽ ቆም ይላል፤ እኛ ገና ጥያቄውን ሳንጽፍ መልሱ ይመጣል። መምህራችን መጀመሪያ ላይ ጥቂት ደቂቃ፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ነበረችው። መሃል ላይ እንደኛው ጥግ ይዞ ይመለከታል። መብራት ከጠፋ ያ ትምህርት አለቀ፤ ተመልሶ አይመጣም። ለፕላዝማ ብዙ ገንዘብ ወጥቷል። መሣሪያው መጥፎ አልነበረም። ነገር ግን አስተማሪው “አንዴ ቆይ፣ ልጆቹ አልገባቸውም” ሊለው አይችልም ነበር።

ሌላም ታሪክ አለ። በ2012 እ.ኤ.አ. ለያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ የሚለው ድርጅት ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ላሉ፣ ማንበብ ላልጀመሩ ሕፃናት ታብሌት ከነካርቶኑ ሰጠ። አስተማሪ የለም፣ መመሪያ የለም። የድርጅቱ መሥራች እንደተናገረው አንድ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ማብሪያውን አገኘ፤ በአምስት ወር ውስጥም የተዘጋውን ካሜራ ከፈቱት። ዓለም ተደነቀ። እኔም የልጆቹን ብልኅነት አልጠራጠርም። ግን ከፕላዝማው ጋር አንድ የሚያደርገው ነገር አለ፤ እዚህም መምህሩ ተዘልሏል።

የተማሪ ስልክ ግን በአስተማሪ እጅ ሊታዘዝ ይችላል። ርካሽ ነው፣ አለ፣ መብራት ቢጠፋም ይሠራል። መጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤት በኮሮና ሲዘጋ ለከተማው ተማሪ በቴሌግራም ትምህርት ስንልክ ነበር። ያኔ ስልክ ጠላት ነው ያለ አልነበረም። ትምህርት ቤት ሲከፈት ግን የበሩ ፍተሻም አብሮ ተከፈተ።

የምጠይቀው ትልቅ በጀት አይደለም። የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረት ሲሰበሰብ የስልክ ደንቡ ላይ አንድ መስመር ይጨመር፤ “መምህሩ በዕለቱ የትምህርት ዕቅዱ ላይ ካሰፈረ፣ ለቡድን አንድ ስልክ ይፈቀዳል።” ዕቅዱ ላይ መስፈሩ ደስ ይለኛል። ሰነፍ አስተማሪ “ስልካችሁን አውጡና አንብቡ” ብሎ ጋዜጣውን እንዳይዘረጋ ያግደዋል። መምህርን ወይም ጓደኛን መቅረጽ ደግሞ ያለ ፈቃድ ክልክል ይሁን፤ ቅጣቱም ተጽፎ ይታወቅ። ለስርቆቱ ቁጥር የተጻፈበት ኪስ ያለው ጨርቅ ሰሌዳው አጠገብ መስቀል ይበቃል። ከአሮጌ ጂንስ ማሰፋት ይቻላል። ጠዋት ተቆጥሮ ይገባል፣ ሲደወል ተቆጥሮ ይወጣል።

እኔ በዚያ ሐሙስ ኪሱ አልነበረኝም። ደወል ሲደወል ስልኮቹን ቆጠርኩ፤ አሥራ ሁለት። ላብ አጠመቀኝ። ልጆቹን መልሼ አስቀመጥኩ፣ ዴስክ ሥር ገባሁ፣ ቦርሳ ተፈተሸ። ዩኒት ሊደሯ በር ላይ መጥታ ቆመች። በመጨረሻ የአያትየው ስልክ መስኮቱ ደፍ ላይ ተገኘ፤ ልጅቷ ብርሃን ፈልጋ እዚያ አስቀምጣው ረስታዋለች። ስቶፕዎቹን ማቆምም ረስታለች። ሠላሳ አንድ ደቂቃ ከምናምን ሰከንድ ይላል፣ አሁንም ይቆጥራል። ዩኒት ሊደሯ ስልኩን አገላብጣ አየችውና “ለመሆኑ ስንት አመጡበት?” ብላ ጠየቀችኝ።