ፍሬን ለምኔ!

የድሬዳዋን ሾፌር የሚያማ ሰው ታሪክ የማያውቅ ነው። ይቺ ከተማ የተወለደችው ከባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣቱ ወጪው ከበደውና በ1902 እ.ኤ.አ. እዚሁ ሜዳው ላይ አረፈ። ጣቢያው ተተከለ፣ በዙሪያው ከተማ በቀለ። የባቡር ጠባይ ደግሞ የታወቀ ነው። ያፏጫል፣ ሰው ይሸሻል፣ እሱ ያልፋል። ለእግረኛ ልቁም ቢል እንኳ ቶሎ መቆም አይሆንለትም። እንግዲህ ዘር ከልጓም ይስባል። የዛሬው ባለባጃጅ የዚያ ባቡር የልጅ ልጅ ነው። ክብደቱን አልወረሰም፤ ጠባዩን ግን ሳያጓድል ወርሷል።

ውርሱን በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ለገሃር ይምጣ፣ አሮጌው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው ዜብራ ጋ ይቁም። (ዜብራውን ፈልጎ ካገኘው ማለቴ ነው። ነጩን ቀለም ግማሹን ፀሐይ፣ ግማሹን ጎማ ወስዶታል። ትልቅ እንግዳ ሲመጣ እንደገና ይቀባል። እንግዶቻችንን እግዜር ያብዛልን።) የኤሌክትሪኩ ባቡር ጣቢያውን ከከተማ አውጥቶ ከሠራ ወዲህ አሮጌው ለገሃር እንደ ድሮው አያፏጭም። ፉጨቱን ግን ባጃጆች ተረክበውታል። ደህናው ሰዓት ከቀኑ 10 በኋላ ነው። ሙቀቱ በረድ ይላል፣ ጫት ሊቅም በርጫ የተቀመጠው ይነሳል፣ ቀትር ላይ የተዘጋው ሱቅ ይከፈታል፣ ከዚራ ያለው ወደ መጋላ፣ መጋላ ያለው ወደ ከዚራ መሄድ ያምረዋል። ያኔ ነው የሾፌሮቻችን ጥበብ የሚታየው።

መጀመሪያ ስለ ክላክስ ልናገር። ሌላ አገር ሾፌር ሰው ዜብራ ላይ ሲያይ ፍሬን ይይዛል። ኋላቀርነት ነው። ፍሬን ሸራው ያልቃል፣ እንደገና ለመነሳት ነዳጅ ይበላል፣ እግርም ያደክማል። ክላክስ ግን የአንድ ጣት ሥራ ነው። የኛ ሰው ከሩቅ ያይሃል፣ ገና ከሩቅ ይነፋልሃል፣ አንተም ትሮጣለህ። ክላክስ ማለት «አይቼሃለሁ» ማለት ነው። «ካየኝማ ለምን አይቆምም?» የሚል ካለ፣ እሱ ለአገሩ እንግዳ ነው፤ ውሃ ስጡትና ጥላ ሥር አስቀምጡት።

ጫት የጫነውን መኪና ደግሞ ለብቻው ማመስገን አለብኝ። ከአወዳይ ተነስቶ የደንገጎን ቁልቁለት ወርዶ የሚመጣ መኪና ለዜብራ ቁም ማለት ነውር ነው። የያዘው ቅጠል ነው፤ ይጠወልጋል። ሰው ግን አይጠወልግም። ግፋ ቢል ይሰበራል፤ ስብራት ደግሞ ወጌሻ አለው።

ስልክ እያየ የሚነዳውስ? እሱን የሚያማ የሒሳብ ፍቅር የሌለው ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ያህል ይበላል። ሾፌሩ የተላከለትን ቪዲዮ ለማየት ለሁለት ሰከንድ ብቻ ቢያቀረቅር፣ 28 ሜትር ዓይኑን ጨፍኖ ነዳ ማለት ነው። ሰርከስ ላይ ይህን ለማየት ቲኬት ይቆረጣል። እኛ በነፃ እናያለን፣ ያውም ከመድረኩ መሀል ቆመን።

አልፎ አልፎ ግን ሥርዓት የሚያበላሽ ሰው አይጠፋም። ባለፈው አንድ ባለባጃጅ ቆመ። አዎ፣ ዜብራ ላይ፣ ትራፊክ ሳይኖር ቆመ! አንዲት እናት ከቀፊራ ገበያ የገዙትን ቲማቲም በፌስታል አንጠልጥለው፣ በሌላ እጃቸው የልጅ ልጃቸውን ይዘው ጠርዙ ላይ ነበሩ። መቆሙን ሲያዩ ግራ ገባቸው። ምናልባት ነዳጅ ጨርሶ ይሆናል ብለው ጠበቁ። እሱ በእጁ «እለፉ እማማ» አላቸው። አንድ እግራቸውን አስገቡ፣ መለስ አደረጉ፣ እንደገና አስገቡ። መሀል ላይ ደርሰው ጎንበስ ብለው ምርቃቱን አወረዱት። «ዕድሜ ይስጥህ ልጄ፣ ክፉ አይንካህ፣ የወለድከው ይባረክ!» ከኋላ ያለው ሰልፍ በሙሉ ክላክሱን ነፋ። ባጃጁ ውስጥ የተቀመጠው ደንበኛም «ሂድ እንጂ አቦ! እዚህ ልታሳድረን ነው?» አለ።

ዋናው ትርኢት ገና ነው። ከኋላ የነበረው ሚኒባስ መታገስ አቃተው። የቆመውን ባጃጅ በግራ በኩል ደርቦ ተፈተለከ። ሴትዮዋ የባጃጁ ሸራ ከልሏቸዋል፣ እሱ አያያቸውም፤ እሳቸውም አያዩትም። ሕፃኑን በክንዱ ጎትተው ወደ ኋላ ተመለሱ። ቲማቲሙ አስፋልት ላይ ተበተነ። የሚኒባሱ ረዳት በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «እማማ፣ አያዩም እንዴ!» ብሎ መከራቸው። ምክር በነፃ፣ ፍጥነቱን እንኳ ሳይቀንስ። የቆመ መኪና ከፊቱ ሰው ስላለ ሊሆን ይችላል ብሎ መጠርጠር ለሱ አይመጣም። ለሱ የቆመ መኪና የተበላሸ መኪና ነው።

ሰዎች ጥፋቱን በቆመው ላይ ሲያደርጉ ሰማሁ። እሱ ባይቆም ሴትዮዋ ባልገቡ፣ ባይገቡ ቲማቲሙ ባልፈሰሰ። እውነታቸውን ነው ወላሂ።

ሾፌሮቻችን አይተባበሩም የሚለውም ሐሜት ነው። ትራፊክ ፖሊስ መንገድ ላይ ሲቆም ከፊት የመጣው ሁሉ መብራት ብልጭ እያደረገ ወንድሙን ያስጠነቅቃል። ክርስቲያኑ ለሙስሊሙ፣ ባለሚኒባሱ ለባለባጃጁ፣ ሳይተዋወቁ። በዚያች ደቂቃ ለገሃር ዜብራ ላይ ቢደርሱ ስዊዘርላንድ የገቡ ይመስላችኋል። መኪናው ከመስመሩ ሜትር ርቆ ይቆማል፣ ሾፌሩ ፈገግ ይላል፣ «እለፉ እናቴ» ይላል። ትራፊኩ ሻይ ሊጠጣ ዞር ሲል ስዊዘርላንድም አብራው ትሄዳለች። ስለዚህ መቆም አያውቁም አትበሉ። አሳምረው ያውቃሉ።

እግረኛውንም ሳላሞግስ ባልፍ ይታዘበኛል። የእግረኛ መንገዱን ልባሽ ጨርቅ፣ የሞባይል ሽፋንና የሻይ በርጩማ ይዞታል፤ እሱም ቅር ሳይለው ወደ አስፋልቱ ወረደ። ግራህን ይዘህ ሂድ የሚለውን ትምህርት ቤት ተምሮታል፤ ፈተናውን አልፎ ትቶታል። ዜብራው 10 እርምጃ ይርቀዋል፤ እሱ ግን ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ በሰያፍ ይገባል። አንዱ ቢስሚላሂ፣ አንዱ በስመ አብ ብሎ እኩል ይነሳሉ። የድሬን ተቻችሎ መኖር ለማጥናት የሚመጣ ሁሉ እዚህ ቢቆም ይበቃዋል። አንድ እጅ ወደ ላይ ተነስቶ መዳፉ ለመኪናው ይታያል። ይህ መዳፍ ጎማ ያቆማል ብለን የምናምን ሕዝብ ነን፤ እምነታችን ብረት ነው።

ደንብ አለ ደግሞ። የመንገድ ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ይባላል። ዜብራ ላይ ቅድሚያ ለእግረኛ ነው። እንግዲህ እኚያ እናት ያን ሁሉ ምርቃት ያወረዱት ባለባጃጁ የራሳቸውን መብት ስለሰጣቸው ነው። ነገ ባለሱቁ ትክክለኛ መልስ ሲሰጠኝ እግሩ ላይ ልውደቅ ይሆን? የምረቃው ልማድ ግን ይቀጥል። ምርቃት ያልፈለገ ሾፌር አይቆምም፤ ምርቃት የሰለቸው እግረኛም አይሻገርም።

ያ ባለባጃጅ በመጨረሻ ተነሳ። 20 ሜትር እንደሄደ ደንበኛው «ወራጅ» አለ። ሒሳቡን ከፈለ፣ ሸሚዙን አስተካከለ፣ ወደ ማዶ ሊሻገር ዞረ። ሦስት ባጃጅና አንድ አይሱዙ ተከታትለው መጡ። እጁን አነሳ። አንዱም አልቆመለትም። «እንዴት ያሉ ባለጌዎች ናቸው አቦ!» አለ፣ አጠገቡ ቲማቲማቸውን እየለቀሙ ላሉት እናት።