የዶሮዎቹ ዕድር

ባለፈው ሳምንት የደመወዝ ቀን ነበር። ቡና ቤት ተቀምጬ ስልኬ ጮኸ፤ ባንክ ነው። ግብሩ ተቆርጦ፣ የጡረታው 7 በመቶ ተቆርጦ፣ የተረፈችው ገባች። ማኪያቶዬ ሳይመጣ ቴሌቪዥኑ አንድ የከሰረ ድርጅት ዕዳው ሊሸጋሸግለት መሆኑን ተናገረ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ስኒውን አስቀምጦ በረጅሙ ተነፈሰ።

«ተመስገን! መንግሥት ሊሸፍነው ነው» አለ።

ደስታው ከልቡ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ሒሳብ ሲመጣለት ግን 15 በመቶዋን ቫት አይቶ ከአስተናጋጇ ጋር ተጨቃጨቀ።

ይህን ሰው ታውቁታላችሁ። ታክሲ ውስጥ አለ፣ ለቅሶ ቤት አለ፣ ቢሮም አለ። ልወቅሰው አልመጣሁም፤ ላመሰግነው ነው። እንዲህ ያለ ለጋስ የት ይገኛል? «መንግሥት ይሸፍነዋል» ሲል እኮ ከራሱ ኪስ እየመዘዘ ነው፤ ደግሞ አያውቅም። «ቀኝህ የምትሰጠውን ግራህ አትወቅ» የሚለውን ቃል እንደሱ አድርጎ የፈጸመው የለም።

ቋንቋችንም ተባብሮናል። ኪሳራ የሚባል ነገር ድሮ ቀረ። አሁን ያለው «የአፈጻጸም ክፍተት» ነው። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ዓመት ዕቅድ የስኳር ምርታችንን በዓመት 2.25 ሚሊዮን ቶን አደርሳለሁ ብሎ ነበር። ዕቅዱ አለቀ፤ ስኳር ከውጭ ማስመጣቱ አላለቀም። ሸንኮራው ደርሶ ፋብሪካው ያልደረሰበት ቦታም ነበር። ክፍተት ነው እንግዲህ።

ነገሩ ላልገባው በሰፈር ዕድር ላስረዳ። እንበልና የዕድራችን ሊቀመንበር የዶሮ እርባታ ከፈቱ። በመክፈቻው ዕለት ሪባን ተቆረጠ፣ ዳቦ ተቆረሰ፣ አንድ ሺህ ጫጩት ገባ። የዶሮ ቤቱ ግን ገና መሠረቱ እየተቆፈረ ነው። ጫጩቶቹ ለጊዜው በዕድሩ ድንኳን ውስጥ አደሩ። ጊዜው ስምንት ወር ሆነ።

መኖ አለቀ። ከዕድሩ ካዝና 50,000 ብር ብድር ወጣ። ፈንግል ገብቶ ግማሹን ጨረሰ። ሌላ 50,000 ወጣ። እሑድ ስብሰባ ላይ አንዲት እናት እጃቸውን አውጥተው «ልጆቼ፣ ለምን አይዘጋም?» አሉ። ጸሐፊው ብድግ ብሎ «እትዬ፣ ሦስት ወጣቶች ይሠሩበታል እኮ! ልጆቹ ይበተኑ ነው የሚሉት?» አላቸው። ቤቱ ጸጥ አለ። ማን የደሃ ልጅ ይበተን ይላል? እጃችንን አውጥተን በሙሉ ድምፅ አጸደቅን። እትዬም አወጡ።

ከዚያ ኮሚቴው ለልምድ ልውውጥ ቢሾፍቱ ወረደ። ሦስት ቀን ሐይቅ ዳር ተቀምጠው ዶሮ ወጥ በሉ። ሲመለሱ ለሊቀመንበሩ ሞተር ሳይክል ተገዛ፤ የእንቁላል ገበያ እንዲያጠኑበት። እንቁላል የለም፤ ጥናቱ ግን ቀጥሏል። በስንት ጸሎት አንዷ ዶሮ አንድ እንቁላል ጣለች። እንቁላሏ ፎቶ ተነሳች። ገንዘብ ያዡ ሒሳቡን ቢሠራው እቺ እንቁላል ከመቶ ሺህ ብር በላይ ፈጅታለች። ሱቅ ብንሄድ እኮ በጥቂት ብር… ተውት።

አሁን መላው መጣ። ዕድሩ «የዶሮ ዕዳ ንዑስ ኮሚቴ» አቋቋመ። የእርባታው ዕዳ በሙሉ ወደ ኮሚቴው ዞረ። ኮሚቴው ዶሮ የለው፣ እንቁላል የለው፣ ዕዳ ብቻ አለው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይህ ነው። እርባታው በማግስቱ መዝገቡ ነጭ ሆነ፤ በዓመቱ መጨረሻም «ትርፋማ» ተብሎ የምስክር ወረቀት ተሰጠው። አጨበጨብን። የእኛ ወርኃዊ መዋጮ በእጥፍ አደገ፤ ብረት ድስቶቹና ወንበሮቹም ተሸጡ።

ከዚያ እኚያ «ለምን አይዘጋም?» ያሉት እማማ አረፉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ መዋጮ ሳያጓድሉ የከፈሉ ሴት ናቸው። ድንኳኑ ጫጩት አድሮበት ተቀዳዶ ነበርና ለቀስተኛው ፀሐይ ላይ ተቀመጠ። ንፍሮው ከጎረቤት በተዋስነው ድስት ተቀቀለ። ሊቀመንበሩ በሞተራቸው መጥተው ቤተሰቡን አጽናኑ። ሦስቱ ወጣቶችስ? አምስት ወር ደመወዝ አልተከፈላቸውም።

እዚህ ላይ ሽሙጡ ትንሽ ይቆይ።

አንድ የማውቀው የክር ፋብሪካ ሠራተኛ አለ። ጆሮው በማሽን ጩኸት ደንቁሯል። የግል ድርጅት ሠራተኛ ጡረታ በ2003 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ከደመወዙ ጡረታ ያልተቆረጠበት ወር የለም። መጠኑ አሁን ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ነው። ፋብሪካው ሲዘጋ ሄዶ ጠየቀ። የብዙ ወራቱ ገንዘብ አልገባም። ከደመወዙ ተቆርጧል፤ ግን የትም አልደረሰም! ይህ የአፈጻጸም ክፍተት አይደለም፤ ሌብነት ነው። ሕጉ እኮ ከአሠሪው የባንክ ሒሳብ ላይ ተቆርጦ እንዲከፈል ይፈቅዳል። ሰውየው 60 ዓመት ሊሞላው ሲል ማኅደር ይዞ ደረጃ ይወጣል ይወርዳል። ፋብሪካው ብድር ሲራዘምለት «ሠራተኛው ይበተናል» ተብሎ ፊት የተደረገው እሱ ነበር። ገንዘቡ ሲመጣ ግን ከሰልፉ ጫፍ ቆመ። ከግብሬ ለእሱ ይቆረጥ፤ አልከራከርም። ለሞተር ሳይክሉ ግን አልከፍልም።

ይቅርታ፣ ጋለብኝ። ወደ ምስጋናው ልመለስ።

የእኛ ንዑስ ኮሚቴ ተረት እንዳይመስላችሁ። በ2013 ዓ.ም. የመንግሥት ልማት ድርጅቶችን ዕዳ የሚረከብ መሥሪያ ቤት በአገር ደረጃ ተቋቁሟል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ለእነሱ አበድሮ ላልተመለሰለት ባንክ ወደ 900 ቢሊዮን ብር የሚጠጋ የመንግሥት ቦንድ ጸደቀ። ለእያንዳንዳችን ቢካፈል 7,000 ብር ገደማ ይደርሰናል፤ ትናንት የተወለደውንም ጨምሮ። እንኳን ማርያም ማረችሽ ሊባል የተሄደበት ቤት ሕፃኑ ባለዕዳ ሆኖ ጠበቀን። እሱም እንደ ቡና ቤቱ ወዳጄ ሳያውቅ ሰጪ ነው። የተባረከ ልጅ!

በመጪው እሑድ ስብሰባ አለን። ሊቀመንበሩ ዶሮውን ለተተኪ አስረክበው ወደ ዓሣ ሊዞሩ ነው። የሰፈራችን ቧንቧ ውኃ የሚመጣው በሳምንት አንዴ፣ እሱም ሌሊት ነው። ኩሬው ግን ተመርቋል።