ሲጥ የምትለው ኳስና የበር ውሻ

እዚህ አሜሪካ ውሻን ፎቶ ለማንሳት ተብሎ የተሠራ መጫወቻ ይሸጣል። ስልኩ ጫፍ ላይ የምትቆነጠጥ ክሊፕ ናት። ክሊፗ ላይ ሲጫኗት ሲጥ የምትል የቴኒስ ኳስ አለች። ውሻው ኳሷን አያለሁ ሲል ካሜራውን ያያል። ድምፁን ሲሰማ አንገቱን ዘንበል ያደርጋል። ባለቤቱም ያኔ ቀጭ ያደርገዋል። በኳስ ፋንታ ብስኩት የሚይዝ ክሊፕም አለ። ለድመት ደግሞ ላባ የተንጠለጠለበት ዘንግ።

አገር ቤት ላሉ ዘመዶቼ ይህን ስነግራቸው «ሥራ መፍታት ነው» ይሉኛል። የኑሮ ውድነቱን ሳስበው አልፈርድባቸውም። እኔ ግን ሥራውን አከብረዋለሁ። እንዲህ ያለውን ዕቃ በደንብ የሚሠራ ሰው ቀድሞ ስለ እንስሳው መጠየቅ አለበት። ምን ያያል? ምን ይሰማል? ምን ያስፈራዋል?

ለምሳሌ ውሻ ደህና አድርጎ የሚለየው ሰማያዊና ቢጫ ነው። ቀይና አረንጓዴ ይምታቱበታል። ሣር ላይ የወደቀ ቀይ ኳስ ለእኛ ፍንትው ብሎ ይታየናል፤ እሱ ግን በዓይኑ ሳይሆን በአፍንጫው ነው የሚፈልገው። ጆሮውም ከእኛ ይለያል። የሰው ጆሮ እስከ 20,000 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ ነው) ገደማ ቢሰማ ነው፤ ውሻ 40,000ን ያልፋል፣ ድመት ደግሞ 60,000ን። ለእኛ ቀጭን የሆነ ድምፅ ለድመት ጩኸት ሊሆን ይችላል። ፍላሽ ባይነካ ይሻላል፤ ዓይናቸው ውስጥ ከኋላ በኩል ብርሃን የሚመልስ ሽፋን ስላለ ፎቶው ላይ ዓይናቸው ያበራል።

ውሻን በድምፅ ስቦ ፎቶ የማንሳት ሐሳብ አዲስ አይደለም። በ2023 ያረፈው ታዋቂው ፎቶ አንሺ ኤሊዮት ኧርዊት ውሾችን ሲያነሳ እንደ ውሻ ይጮህላቸው፣ ጡሩምባ ይነፋላቸው ነበር።

አዲስ አበባ ስሄድ አንዷን ክሊፕ ይዤ ሄድኩ። አጎቴ ግቢ በር አጠገብ ቀን ቀን የሚታሰር ማታ የሚለቀቅ ውሻ አለ። ኳሷ ሲጥ ስትል ጭራውን ቆልፎ ቤቱ ገባ። ልቤን ነካኝ። ያ መጫወቻ የተሠራው ተጫውቶ ላደገ ውሻ ነው። ይሄኛው ኳስ የወረወረለት ሰው የለም። ሥራው ጥበቃ ነው፤ ድንገተኛ ድምፅ ለእሱ ሌባ ወይም ድንጋይ ነው። በኋላ ሁልጊዜ የምታበላው የአጎቴ ልጅ ሳህኑን በማንኪያ ኳ ኳ አደረገች። ብቅ አለ። ጆሮውን አቁሞ ቀጥ ብሎ አያት። ፎቶውን ያነሳችውም እሷ ናት፤ እንዴት ያምራል መሰላችሁ!

ለእኛ ሰፈር ውሻ እንዲህ ያለ መጫወቻ የሚሠራ ሰው ከዚያ ሳህን ቢጀምር ደስ ይለኛል። እጁ እንደሆነ አለን። በካልሲ ኳስ፣ በሽቦ መኪና ሠርተን ነው ያደግነው። ቢጫ ወይም ሰማያዊ ካልሲ ውስጥ የተጨማደደ የሃይላንድ ፕላስቲክ ቢከተት ቀስ ብሎ ይንኮሻኮሻል፤ ጆሮ አይወጋም። በላስቲክ ስልኩ ላይ ይታሰራል። ሌንሱን እንዳይሸፍን፣ ካልሲውም በውሻ የሚዋጥ እንዳይሆን ብቻ መጠንቀቅ ነው። አንድ ነገር ግን አደራ፦ የማያውቃችሁ የታሰረ ወይም የመንገድ ውሻ ፊት ተንበርክካችሁ ፎቶ እንዳታነሱ። የእብድ ውሻ በሽታ አሁንም ሰው ይገድላል።

እዚህ አሜሪካ የእንስሳት መጠለያዎች አሳዳጊ ሲፈልጉ መጀመሪያ የሚለጥፉት ፎቶ ነው። ውሻው ካሜራውን ካየ፣ የሚያየው ሰው ልቡ ይከፈታል። እኛ ጋ ሴት ቡችሎች «ትወልድብናለች» እየተባሉ ገና ዓይናቸውን ሳይገልጡ ይጣላሉ። ወንዶቹን ጎረቤት ይሻማቸዋል። እነዚያን ሴቶች ለአንድ ወር አቆይቶ፣ በካልሲ ኳስ ዓይናቸውን ስቦ፣ ጥሩ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም የሚለጥፍላቸው ሰው ቢገኝ፣ የካልሲውን ወጪ እኔ እችላለሁ።