ልጁ ታክሱን ከመላኩ በፊት ወላጆቹን ያማክር

በአሜሪካ የታክስ ወቅት በደረሰ ቁጥር በብዙ የሐበሻ ቤተሰቦች ዘንድ ተመሳሳይ ጭቅጭቅ ይነሳል። ኮሌጅ የገባው ልጅ በትርፍ ሰዓት ሠርቶ ከአሠሪው ያገኘውን ዳብሊው-2 (የዓመቱን ደመወዝና የተቆረጠውን ታክስ የሚያሳይ ወረቀት) ይዞ ታክሱን በስልኩ ሞልቶ ይልካል፤ ሌላ ሰው በራሱ የታክስ ቅጽ ላይ ጥገኛ (በእሱ የሚደገፍ ሰው) አድርጎ ሊያስመዘግበው ይችል እንደሆነ ሲጠየቅም «አይችልም» ብሎ ያልፋል። ከዚያ በኋላ ወላጆቹ በኤሌክትሮኒክ የሚልኩት የታክስ ቅጽ ውድቅ ሊሆንባቸው ይችላል። ልጁ ያተረፈው ግን ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ዶላር አይበልጥም።

ሕጉ የሚያየው ማን ቀድሞ እንደላከ ሳይሆን መስፈርቱ መሟላቱን ነው። ተማሪው በዓመቱ መጨረሻ ከ24 ዓመት በታች ከሆነ፣ ቢያንስ በአምስት ወራት ውስጥ የሙሉ ጊዜ ተማሪ ከነበረና ከግማሽ ዓመት በላይ ከወላጁ ጋር ከኖረ፣ ወላጁ ሊያስመዘግበው ይችላል። በዶርም ያሳለፈው ጊዜም እቤት እንደኖረ ይቆጠራል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በወጪው ጉዳይ ላይ ነው። ወላጅ የልጁን ወጪ ከግማሽ በላይ መሸፈን እንዳለበት የሚያምኑ ብዙዎች ናቸው፤ ሕጉ የሚጠይቀው ግን ልጁ ራሱ ከግማሽ በላይ አለመሸፈኑን ብቻ ነው። የነጻ ትምህርት ዕድል ገንዘብ በስሌቱ አይገባም። ልጁ ሠርቶ ባንክ ያስቀመጠውም ለኑሮው እስካላዋለው ድረስ አይቆጠርም። በራሱ ስም ተበድሮ ለትምህርቱ ያዋለው ገንዘብ ግን እንደ ራሱ ወጪ ስለሚቆጠር፣ ብድሩ ከበዛ ውጤቱን ሊቀይረው ይችላል።

ጥቅሙ ቀላል አይደለም። 17 ዓመት ለሞላው ጥገኛ የሚሰጠው 500 ዶላር ብቻ ቢሆንም፣ ለመጀመሪያዎቹ አራት የኮሌጅ ዓመታት የሚሰጠው የትምህርት ክሬዲት (ከሚከፈል ታክስ ላይ የሚቀነስ ገንዘብ) በዓመት እስከ 2,500 ዶላር ይደርሳል፤ ከዚህም እስከ 1,000 ዶላር የሚከፈል ታክስ ባይኖርም ተመላሽ ይሆናል። በወላጆቹ የሚረዳ ተማሪ ክሬዲቱን በራሱ ስም ቢጠይቅ፣ ይህን ተመላሽ ክፍል በአብዛኛው አያገኘውም። ገቢያቸው ለክሬዲቱ ከተቀመጠው ጣሪያ፣ ማለትም በጋራ ለሚሞሉ ባልና ሚስት ከ180,000 ዶላር በላይ ለሆነ ወላጆች፣ ልጁን አለማስመዝገብ የሚያዋጣበት ጊዜ አለ፤ ይህ ግን ሂሳቡ ተሠርቶ የሚወሰን ነው።

ልጁ ካልተመዘገበ በኮሌጅ የገንዘብ እርዳታ ማመልከቻ (ፋፍሳ) ላይ ራሱን እንደቻለ ይቆጠራል የሚለው ወሬም ስህተት ነው፤ ፋፍሳ የራሱ መለኪያ አለው። አዲስ አበባ የሚማር ወንድም ወይም እህትን በተመለከተ ደግሞ፣ የአሜሪካ ዜግነት ወይም ነዋሪነት የሌለው ሰው፣ ከካናዳና ከሜክሲኮ ነዋሪዎች በስተቀር፣ የቱንም ያህል ገንዘብ ቢላክለት በጥገኝነት አይመዘገብም።

ልጁ ቀድሞ ተሳስቶ ከላከ በ1040-ኤክስ ቅጽ ማስተካከል ይቻላል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በጥገኝነት የተመዘገበ ተማሪ ከራሱ ኪስ ወይም ከብድሩ የከፈለው የትምህርት ክፍያ፣ ለክሬዲቱ ሲባል ወላጁ እንደከፈለው ይቆጠራል። ብድሩን ወደፊት የሚከፍለው ልጁ ሆኖ ሳለ ክሬዲቱ በወላጁ የባንክ ሂሳብ ይገባል ማለት ነው። ሕጉ ወላጁን አካፍል ብሎ አያስገድደውም። እንዲህ ባለ ቤት ግን ክሬዲቱ ለልጁ ብድር መክፈያ ቢውል ተገቢ ነው እላለሁ፤ ስምምነቱም ቅጹ ከመሞላቱ በፊት ቢደረስበት ይሻላል።