ቫይረሱ ወርዷል፤ ልጁ ግን አላደገም

ባለፈው ሳምንት እዚህ ሐዋሳ በተካሄደ አንድ የጤና ሥራ ግምገማ ላይ፣ ከኤች አይ ቪ ጋር ለሚኖሩ ሕፃናት የሚሰጠው የምግብ ድጋፍ የቫይረስ መጠናቸው ለወረደላቸው ልጆች እንዲቋረጥና የቅዳሜው የልጆች ክትትልም በሥራ ቀናት ካለው የአዋቂዎች ወረፋ ጋር እንዲቀላቀል መወሰኑን አንድ ኃላፊ አስታውቀዋል። መድኃኒቱ ሥራውን ስለሠራ ምግቡ ትርፍ እንደሆነ፣ እናቶችም የሚሰጣቸውን እንደሚሸጡት፣ የልጆቹ ማጠር ደግሞ የዘር ጉዳይ እንጂ የቫይረሱ ጉዳይ እንዳልሆነ አክለው ተናግረዋል። በዚህች ከተማ በሕፃናት ኤ አር ቲ (የፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምና) ክፍል ውስጥ እነዚህን ልጆች ስመዝንና ስለካ ዓመታት ያሳለፍኩ ነርስ ነኝና ይህን ሰምቼ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

እናቶች ይሸጡታል ከሚለው ልጀምር፤ ከሁሉ ይልቅ ያንገበገበኝ እሱ ነው። ኃላፊው ለዚህ ያቀረቡት ማስረጃ ፕላምፒ ነት የሚባለው፣ ለልጆቹ በእሽግ የሚሰጠው የለውዝ ምግብ፣ በገበያ ላይ ታይቷል የሚል ብቻ ነው። የሸጠችው የትኛዋ እናት ናት? ከየትኛው ጤና ጣቢያ የወሰደች ናት? ገበያ ላይ የታየው ከመጋዘን በካርቶን የወጣ ይሁን ከአንዲት እናት ዘንቢል የወጣ አንድ እሽግ፣ በምን ለዩት? ይህን ሳያጣሩ በድሀ እናት ላይ የሌብነት ስም መለጠፍ ቀላል ነው፤ እሷ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ወንበር የላትምና። እኔ በሥራ ዘመኔ ያየሁት መሸጥን ሳይሆን ማካፈልን ነው። አንዱ እሽግ 92 ግራም ሲሆን 500 ኪሎ ካሎሪ ይይዛል። ሦስት ልጆች ያሏት እናት ይህችን እሽግ ቀዳ ለአንዱ ብቻ እያጎረሰች ሁለቱ አፋቸውን ከፍተው እንዲያዩ ማድረግ አትችልም፤ እንዲህ ያለ አንጀት ያላት እናት ሐዋሳ ውስጥ አልገጠመችኝም። ለባጃጅ ከፍላ ልጇን ወደ ክሊኒክ ለማምጣት ሁለት እሽግ የሸጠች ብትገኝ እንኳ፣ መልሱ የትራንስፖርት ገንዘብና ለቤተሰቡ የሚበቃ ራሽን መስጠት እንጂ የልጁን አፍ መዝጋት አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። አንድ ልጅ አለ፤ ስሙንም ሰፈሩንም አልጽፍም፣ ይህን ያህሉንም የምጽፈው አያቱን አስፈቅጄ ነው። ዕድሜው ዘጠኝ ዓመት ነው። ወላጆቹ በሕይወት ስለሌሉ የሚያሳድጉት አያቱ ናቸው። የቫይረስ መጠኑ በተከታታይ ተመርምሮ በመሣሪያ የማይታይ ደረጃ ላይ ስለደረሰ፣ በኃላፊው ስሌት ድጋፍ ከሚቋረጥባቸው ልጆች የመጀመሪያው እሱ ነው። ክብደቱ 19 ኪሎ ከ400 ግራም፣ ቁመቱ 113 ሴንቲ ሜትር ነው። ከቁመት መለኪያው ሰሌዳ ጋር ጀርባውን አስደግፌ ባቆምኩት ቁጥር ተረከዙን ቀስ አድርጎ ያነሳል። ባለፈው ጊዜ ቁርጭምጭሚቱን ይዤ ወደ ታች ስጫነው፣ ወደ ፊት ለፊቱ አፍጥጦ እንደቆመ «ሲስተር፣ አሁንስ ጨመርኩ?» አለኝ። ቁጥሩ ከሦስት ወር በፊት ካርዱ ላይ የተመዘገበው ራሱ ነበር፤ አልተነቃነቀም።

የዓለም ጤና ድርጅት የዕድገት ሠንጠረዥ ላይ 113 ሴንቲ ሜትር የአምስት ዓመት ተኩል ወንድ ልጅ አማካይ ቁመት ነው፤ 19 ኪሎ ከምናምንም እንዲሁ የዚያው ዕድሜ ክብደት ነው። የዘጠኝ ዓመት ወንድ ልጅ አማካይ ግን 28 ኪሎና 132 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ልብ በሉ፤ ይህ ልጅ ከሲታ አይደለም። ጉንጩ ሞላ ያለ ነው፣ ክንዱ በጥብጣብ ሲለካም አያስደነግጥም፣ ክብደቱ ከቁመቱ ጋር ልክ ነው። ነገሩ ሁሉ የተሰወረው እዚህ ላይ ነው። የቀጨጨ ልጅ ለቁመቱ የሚመጥን ክብደት ያጣ ነው፤ አጥንቱ ይታያል፣ ያየው ሁሉ ያዝንለታል፣ ድጋፍ ላይም ይገባል። የቀነጨረ ልጅ ግን ለዕድሜው የሚመጥን ቁመት ያጣ ነው፤ ሁለመናው ተመጣጥኖ ስላነሰ፣ ዕድሜውን ያልጠየቀ ሰው ምንም ጉድለት አያይበትም። ኃላፊው አንድ ቀን በክፍላችን ቢያልፉና ይህን ልጅ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቢያዩት፣ ደህና የያዘ የአምስት ዓመት ልጅ ነው ብለው ራሱን ዳብሰውት ያልፋሉ። ያጣቸውን ከሦስት ዓመት በላይ የሆኑ የዕድገት ዓመታት የሚያሳየው ያ ሰሌዳ ብቻ ነው።

ዘር ነው ለሚሉን ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ። በ1992 ዓ.ም በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ሕፃናት 58 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም ይኸው ቁጥር ወደ 38 በመቶ ወርዷል። በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ የተለወጠው የኢትዮጵያውያን ዘር ነው ወይስ የሕፃናቱ ኑሮ? መንግሥትስ በ2007 ዓ.ም የሰቆጣን ቃል ኪዳን ሲያውጅና ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር በ2022 ዓ.ም ለማስቀረት ቃል ሲገባ ከዘር ጋር ሊዋጋ ነበር? አገር በሙሉ መቀንጨር የሚከላከሉት ነገር ነው ብሎ ከተስማማ በኋላ፣ ልጁ ኤች አይ ቪ በደሙ ውስጥ ስላለ ብቻ የአያቶቹ አጭርነት የሚጠቀስበት ምን ምክንያት አለ?

ቫይረሱ የልጅን ዕድገት እንዴት እንደሚይዘው በጤና ሥራ ላይ ያለ ሁሉ ያውቀዋል። አንጀትን ይጎዳል፤ የተበላው ሁሉ ሥጋ አይሆንም። ተቅማጡ፣ የሳንባ ምቹ፣ የአፍ ውስጥ ቁስሉ እየተመላለሰ ልጁን ከምግብ ያርቀዋል። ሰውነቱ ዘወትር ከበሽታ ጋር ሲታገል ለአጥንት የሚተርፍ ኃይል አይኖረውም። ምንም የሕመም ምልክት የሌለበት ኤች አይ ቪ ያለበት ልጅ እንኳ ከእኩዮቹ 10 በመቶ ያህል የበለጠ ኃይል ሰጪ ምግብ እንደሚያስፈልገው፣ ክብደት እየቀነሰ ያለ ልጅ ደግሞ ከ50 እስከ 100 በመቶ ተጨማሪ እንደሚያስፈልገው የዓለም ጤና ድርጅት ካስታወቀ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። መድኃኒቱ ሲጀመር ቀድሞ የሚመለሰው ክብደት ነው፤ ቁመት በዝግታ ይከተላል፤ ሕክምናው በዘገየ መጠንም የሚመለሰው እያነሰ ይሄዳል። ይህ ልጅ የተመረመረው በአራት ዓመቱ፣ እናቱ ካረፈች በኋላ ነው። ሕክምና ካላገኙ ከቫይረሱ ጋር ከተወለዱ ሕፃናት ግማሽ ያህሉ ሁለተኛ ዓመታቸውን ሳይደፍኑ ይሞታሉ፤ እሱ ተርፏል። በደቡብ አፍሪካ የተካሄደው ጥናት በሦስት ወር ዕድሜ ውስጥ መድኃኒት መጀመር የጨቅላዎቹን ሞት በ76 በመቶ እንደሚቀንስ ሲያሳይ ዓለም አጨበጨበ፤ ማጨብጨቡም ተገቢ ነበር። ነገር ግን ልጁን ከሞት ያተረፍነው እንዲያድግ ነው። በሕይወት መኖሩን ብቻ መዝግቦ ሥራዬን ጨርሻለሁ የሚል ሰው ሥራውን ከመሐል ላይ ጥሎ የሄደ ነው።

ቁመት ለእነዚህ ልጆች የመልክ ጉዳይ አይደለም፤ የምሥጢራቸው ጉዳይ ነው። ሦስተኛ ክፍል ገብቶ ከፊት ወንበር ላይ እንኳ እግሩ መሬት የማይነካ ልጅ ሁልጊዜ ይጠየቃል። ስንት ዓመትህ ነው? ታመህ ነበር? ለምንድን ነው በየጊዜው ክሊኒክ የምትሄደው? አያቱ ለጎረቤት የሚሉትን ያጣሉ። ልጁ አሥራ ሦስትና አሥራ አራት ዓመት ሲደርስ ደግሞ የእኩዮቹ ድምፅ ሲጎረንን የእሱ ሳይጎረንን፣ የሴቶቹም የወር አበባ ዘግይቶ፣ ከጓደኞቻቸው ተነጥለው ይቀራሉ። በአፍላ ወጣትነታቸው መድኃኒታቸውን ያቋረጡብንን ልጆች አንድ በአንድ አስታውሳቸዋለሁ፤ ብዙዎቹ ያጠሩት ነበሩ። ይህን መድኃኒት እየዋጥኩ ካላደግኩ ምን ይጠቅመኛል ላለኝ ልጅ የቫይረሱ ቁጥር መውረዱን ባሳየው የሚያጽናናው አልሆነም። ዕድገት የቆመበት ልጅ ነገ ከነገ ወዲያ መድኃኒቱን ይጥላል፤ ያኔ ኃላፊው የሚኮሩበት ቁጥር ራሱ ይፈርሳል።

ከምግቡ ይልቅ ያስደነገጠኝ ደግሞ መመዘኑ ራሱ እንደ ትርፍ ሥራ መታየቱ ነው። በአዋቂዎቹ ወረፋ ውስጥ ለአንድ ልጅ ጫማ አስወልቆ፣ ኮት አውልቆ፣ ቀጥ አድርጎ አቁሞ ለመለካት ጊዜ የለም፤ ማንም አይዋሸኝ። የልጅ መድኃኒት የሚታዘዘው ግን በሚዛን ነው። ዶሉቴግራቪር የሚባለው ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት፣ የሕፃናቱ አንዱ ፍሬ 10 ሚሊ ግራም ነው። ከ3 እስከ 5.9 ኪሎ የሚመዝን ጨቅላ ግማሽ ፍሬ፣ ከ6 እስከ 9.9 ኪሎ አንድ ተኩል፣ ከ10 እስከ 13.9 ኪሎ ሁለት፣ ከ14 እስከ 19.9 ኪሎ ሁለት ተኩል ይወስዳል፤ 20 ኪሎ ሲሞላ ወደ 50 ሚሊ ግራሙ አንድ ፍሬ ይሸጋገራል። የልጁ አያት ፊደል አልቆጠሩም፤ ይህን ግን ከእኔ ባልተናነሰ ያውቁታል። ሁለት ተኩሉን ፍሬ በንጹሕ ውኃ በጥብጠው ያጠጡታል፤ ብርጭቆው ሥር የቀረውንም ጥቂት ውኃ ጨምረው፣ አዙረው፣ ያስጨርሱታል። ሃያ ኪሎ የሚሞላበትን ቀን እንደ በዓል ነው የሚጠብቁት፤ ሲቀናቸው ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ የቆሮሶ ዓሣ ሾርባ የሚገዙለትም ለዚያ ብለው ነው። የቫይረስ ምርመራ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ነው፤ መድኃኒቱ እየከሸፈ ከሆነ ሚዛኑ ከዚያ በፊት ሊናገር ይችላል። ክብደት አልጨምር ማለት በሕፃን ላይ ከሚፈለጉት የቲቢ ምልክቶች አንዱ እንደሆነም ኃላፊው ያውቃሉ። ሚዛኑን ከልጁ ላይ ማንሳት ዓይናችንን ማሰር ነው።

ገንዘብ መቀነሱን አልክድም። በጥር 2017 ዓ.ም የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ካገደ ወዲህ የሆነውን አብረን አይተናል፤ አብረውን የሚሠሩ ሰዎች ከሥራ ወጥተዋል። ነገር ግን ሚዛኑም ሰሌዳውም ክፍሉ ውስጥ ያሉ ናቸው፤ አይገዙም። መቀነስ የግድ ከሆነስ መቀሱ ከልጆቹ ላይ የሚጀምረው ለምንድን ነው? በዓለም አቀፍ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2023 ከቫይረሱ ጋር ከሚኖሩ አዋቂዎች 77 በመቶው ሕክምና ሲያገኙ ከሕፃናቱ ያገኙት 57 በመቶው ብቻ ነበሩ፤ ሕፃናቱ ከቫይረሱ ጋር ከሚኖረው ሕዝብ 3 በመቶ ያህል ሆነው ሳለ ከሟቾቹ 12 በመቶው እነሱ ነበሩ። ቀድሞም የተበደሉት እነሱ ናቸው።

ቅዳሜም ያለ ምክንያት ቅዳሜ አልሆነም። በሥራ ቀን የሚቀጠር ልጅ ከትምህርት ቤት ይቀራል፤ መምህሩ ለምን እንደቀረ ይጠይቃል፤ ልጁ ወይ ይዋሻል ወይ ይጋለጣል። ቅዳሜ ግን ልጆቹ ከመሰሎቻቸው ጋር ይገናኛሉ፣ ግቢው ውስጥ ኳስ ያንከባልላሉ፣ አሳዳጊዎቹም እርስ በርስ ይመካከራሉ።

የዚያ ልጅ ቀጠሮ የሚቀጥለው ወር ሁለተኛው ቅዳሜ ላይ ነው። ሃያ ኪሎ ለመሙላት የቀረው 600 ግራም ነው። ትናንት አያቱ ወሬውን ከሰው ሰምተው ደወሉልኝና «ሲስተርዬ፣ ቅዳሜ እንምጣ ወይስ አንምጣ?» ብለው ጠየቁኝ። ይምጡ አልኳቸው። ክፍሉ ተቆልፎ ቢጠብቃቸው ምን እንደምላቸው ግን ኃላፊው ይንገሩኝ፤ ለልጁም ራሳቸው ቢነግሩት ይሻላል።