ማስተካከያ፦ የሻንጋይ መርከቦች ባለቤት ማን ነበር?

በ1862 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የሻንጋይ የእንፋሎት መርከብ ድርጅት «የአሜሪካው ራስል ኩባንያ የግል ንብረት፣ ካፒታሉ 1 ሚሊዮን ዶላር» ተብሎ መውጣቱ ይስተካከል። ካፒታሉ 1 ሚሊዮን ታኤል ብር (ማዕድኑ እንጂ የኢትዮጵያ ገንዘብ አይደለም) ነው፤ ታኤል የቻይና የክብደት መለኪያ ሲሆን፣ ከወደብ ወደብ ቢለያይም ወደ 37 ግራም ገደማ ይመዝናል።

ዋናው ነገር ግን ባለቤትነቱ ነው። ራስል የሽርክና ማኅበር ስለነበር ዕዳ ቢመጣ ሸሪኮቹ በግል ሀብታቸው ጭምር ይጠየቁ ነበር። የመርከብ ድርጅቱ ግን በአክሲዮን የቆመ ነው፤ ብዙውን ገንዘብ ያዋጡት ቻይናውያን ነጋዴዎች ናቸው፣ ይህም ሊዘነጋ አይገባም። ራስል ድርጅቱን በወኪልነት ያስተዳድር ስለነበር ስሙ ጎልቶ ወጣ። መርከቦቹ በ1877 እ.ኤ.አ. «የቻይና ነጋዴዎች የመርከብ ድርጅት» ለተባለ ሌላ ድርጅት ተሸጡ።