የጎረቤትን ድርሻ ከመቁጠራችን በፊት

በሳውዝ ዳኮታ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው፤ ለራሴም ጭምር።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ምድር ቤት ቡና ላይ ተቀምጠን ነበር። አንድ የማከብረው ወንድም፣ ሌሊቱን ሥጋ ፋብሪካ ቢላ ይዞ ሲቆም ያደረ፣ ጣቶቹ አልታጠፍ ብለውት ሲኒውን በሁለት እጁ አቅፎ እንዲህ አለ፦ «እኛ እዚህ እየተቀጠቀጥን ታክስ እንከፍላለን፤ ሬድ ኢንዲያኖቹ ቁጭ ብለው የመንግሥት ብር ይበላሉ።» አንድም ሰው አልተቃወመውም። እኔም አቀርቅሬ ሲኒዬን አየሁ። ያ ዝምታ ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ ነሣኝ።

ወንድሜ ደክሞታል። ድካሙን አከብራለሁ። ግን የተናገረው ነገር ሐሰት ነው፤ ደግሞም ነውር ነው።

እስቲ የፌዴራሉ ብር የት የት እንደሚገባ እንይ። ግዛታችን 66 ካውንቲ (እንደ ወረዳ ያለ አስተዳደር) አላት። የተቀባዩን አድራሻ ብቻ የሚያይ ሰንጠረዥ ብትከፍቱ፣ 18 ሺህ ሰው የማይሞላው የሂዩዝ ካውንቲ በነፍስ ወከፍ ሲሰላ ጉድ የሚያሰኝ ገንዘብ ይታይበታል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ዋና ከተማችን ፒር ያለችው እዚያ ነው። ዋሽንግተን ለግዛቱ የምትልከው የሜዲኬይድ (ገቢው ትንሽ የሆነው ሰው የሕክምና መድን) እና የመንገድ ገንዘብ መጀመሪያ የፒር ቢሮዎች ውስጥ ይመዘገባል፤ ከዚያ ነው ለሌላው የሚበተነው። ቁጥር ብቻ አይቶ ሰው የሚያማ እንዲህ ይሳሳታል።

ወደ ምዕራብ ሂዱ። ራፒድ ሲቲ አጠገብ የኤልስዎርዝ አየር ኃይል ጣቢያ አለ። በ2005 ይዘጉ ከተባሉት ጣቢያዎች አንዱ ነበር። ፖለቲከኛው፣ ነጋዴው፣ ነዋሪው ተነሥቶ ተሟገተና ከዝርዝሩ አስወጣው። ዛሬ የአዲሱ ቢ-21 ቦምብ ጣይ የመጀመሪያ ማረፊያ እንዲሆን ተመርጧል። እዚያ የሚፈሰውን ገንዘብ «ቁጭ ብሎ መብላት» ያለ ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? በቆሎና አኩሪ አተር የሚያመርተው ገበሬስ? ከሰብል ኢንሹራንሱ ዓረቦን በአማካይ ከግማሽ በላዩን የሚከፍልለት ፌዴራል ነው። ይገባዋል፤ በረዶ ዘንቦ የዓመት ልፋቱን በአንድ ከሰዓት ሊያጠፋበት ይችላል። ወጣቱ ተሰድዶ ሽማግሌ ብቻ በቀረባቸው ትንንሽ ካውንቲዎች ደግሞ የከተማውን ሱቅ በር ክፍት የሚያደርገው ሶሻል ሴኩሪቲ፣ የጡረታው አበል፣ ነው።

እኛስ? የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይባላል። ሱ ፎልስ ከተማ ከምንጠጣው ውሃ ከፊሉ ከሚዙሪ ወንዝ አጠገብ ከተቆፈሩ ጉድጓዶች በቧንቧ ይመጣል፤ ለዚያ ሥራ ፌዴራል ትልቅ ገንዘብ አውጥቷል። ብዙዎቻችን በየካቲት የምንጠብቀው የታክስ ሪፈንድ ውስጥ የልጆች ክሬዲት አለበት። በኅዳር 2022 የግዛቱ ሕዝብ ሜዲኬይድ እንዲሰፋ ድምፅ ሰጠ፤ ከሐምሌ 2023 ጀምሮ ደመወዙ ትንሽ የሆነ ብዙ ሠራተኛ ካርዱን ማግኘት ቻለ። ከዚህ ማስፋፊያ ወጪ 90 በመቶውን የሚሸፍነው ፌዴራል ነው። ከመካከላችን ካርዱን ኪሱ ይዞ ላኮታን፣ ያ ወንድሜ «ሬድ ኢንዲያን» ያላቸውን የግዛታችንን ነባር ሕዝብ፣ የሚያማ ካለ፣ ቆም ብሎ ያስብ።

አሁን ወደ ፓይን ሪጅ፣ ወደ ላኮታዎቹ ክልል፣ ልምጣ። እዚያ ውስጥ ያለው የኦግላላ ላኮታ ካውንቲ በ2020 ቆጠራ 13,672 ሰው ነበረው። በአገሪቱ እጅግ ድሃ ከሚባሉት ካውንቲዎች አንዱ ነው። ወደዚያ የሚሄደው ገንዘብ ከየት መጣ? በ1868 የአሜሪካ መንግሥት ፎርት ላራሚ ላይ «ሱ» ከሚባለው ሕዝብ ጋር፣ ላኮታዎቹም ከእርሱ ናቸው፣ ውል ፈረመ። ብላክ ሂልስ የሚባለው ተራራማ መሬት የእነርሱ እንደሆነ አጸደቀ። በ1874 ወርቅ ተገኘ። በ1877 መሬቱን ወሰዱባቸው። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1980፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ካሣ ይገባቸዋል ብሎ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ አጸናላቸው። እነርሱ ግን አልተቀበሉም። ገንዘቡ እየወለደ ዛሬ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ሆኖ ተቀምጧል። አሁንም አይነኩትም። የሚፈልጉት መሬታቸውን ነው።

ወገኖቼ፣ ርስት ምን እንደሆነ እኛ ካልገባን ለማን ሊገባው ነው? ለአንዲት ጥማድ መሬት ዕድሜውን በፍርድ ቤት የጨረሰ ዘመድ የሌለው ከመካከላችን ማን አለ? በድህነት ላይ ሆኖ ለአባቶቹ መሬት ቢሊዮን ዶላር አልቀበልም ያለን ሕዝብ «ለብር የተቀመጠ» ብሎ መስደብ ከእኛ አፍ ሊወጣ አይገባም ነበር።

ለዜግነት ፈተና ስናጠና የአገሪቱ የበላይ ሕግ ምንድን ነው የሚል ጥያቄ ነበር። ሕገ መንግሥቱ ብለን መለስን። ያው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 6 አገሪቱ የፈረመቻቸው ውሎችም የበላይ ሕግ ናቸው ይላል። እጃችንን አንሥተን የማልነው ለዚህ ነው። ወደ ፓይን ሪጅ የሚሄደው ገንዘብ የውል ዕዳ ነው፤ ዕዳውም በአግባቡ አይከፈልም። የኮንግረስ የሒሳብ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ለ2017 ባወጣው ንጽጽር፣ የነባር ሕዝቦች የጤና አገልግሎት ለአንድ ሰው ያወጣው 4,078 ዶላር ነበር። ሜዲኬይድ 8,109፣ ሜዲኬር 13,185። ሜዲኬር በአብዛኛው አረጋውያንን ስለሚያይ ቢበልጥ አይደንቅም። የሜዲኬይድ እጥፍ መሆንስ?

ሌላም የምቆጣበት ነገር አለ። የሰው ድርሻ የምንቆጥር ሰዎች፣ እኛ ራሳችን መቆጠር አንፈልግም። በ2020 የቆጠራው መመሪያ በአማርኛም በትግርኛም ተዘጋጅቶልን ነበር። አንድ የማውቀው ቤት ውስጥ ያኔ ሰባት ሰው ይኖር ነበር፤ ቅጹ ላይ የተጻፈው ሦስት ነው። አራቱ የኪራይ ውሉ ላይ ስለሌሉ ተፈርቶ ሳይጻፉ ቀሩ። ብዙው የትምህርት ቤት፣ የመንገድና የክሊኒክ ገንዘብ የሚከፋፈልበት ቀመር የሕዝብ ቁጥርን ይዞ የሚሄድ ነው። እነዚያ አራት ሰዎች ለአሥር ዓመት የሉም። ልጆቻቸው ግን ክፍል ውስጥ አሉ፤ ወንበርም አስተማሪም ያስፈልጋቸዋል። ከዚያ «ለእኛ ምንም አይደርሰንም» እያልን እናለቅሳለን።

የቆጠራ ቢሮ የሰጣችሁትን መልስ ለአከራይም፣ ለፖሊስም፣ ለኢሚግሬሽንም አሳልፎ እንዳይሰጥ ሕግ ይከለክለዋል። በ2030 ቅጹ ሲመጣ ምድር ቤት የተኛውን የአጎት ልጅ ጻፉት። ትናንት የተወለደችውን ሕፃን ጻፏት። ማታ ሠርቶ ቀን የሚተኛውን፣ ፊቱን እንኳ በቅጡ የማታውቁትን ደባልም ጻፉት።

እኔ ደግሞ በሚቀጥለው እሑድ ያ ወንድሜ አጠገብ እቀመጣለሁ። ባለፈው ዝም ያልኩትን ነገር፣ ቡናው ሁለተኛው ሳይደርስ፣ እነግረዋለሁ።